የቆየ ኮች ሲሰናበት ስንከራከር የምንሰራቸው ስህተቶች፦ የጆርጂያው ማርክ ሪክት ጉዳይ

አትላንታ ውስጥ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ደጋፊ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጣችሁ ወሬው ዞሮ ዞሮ ማርክ ሪክት ጋር መድረሱ አይቀርም። ሰውዬው ከ2001 እስከ 2015 ድረስ 15 ሲዝን አሰለጠነ፣ 145 አሸንፎ 51 ተሸነፈ፣ ጆርጂያ የምትወዳደርበትን ኮንፈረንስ (የደቡብ ምሥራቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሊግ) የኤስኢሲን ዋንጫ ሁለቴ በላ (2002 እና 2005)፣ ከዛ 9 አሸንፎ 3 ብቻ በተሸነፈበት ዓመት በቃህ ተባለ። እሱ ከሄደ ስንት ዘመኑ፣ ክርክሩ ግን ዛሬም ትኩስ ነው፣ ልጆቻቸውን አቴንስ (ዩኒቨርሲቲው ያለበት ከተማ) የሚያስተምሩ ሐበሻ ወላጆች ሳይቀሩ ገብተውበታል። መከራከሩን እወደዋለሁ፣ የሚያናድደኝ አከራከራችን ነው፣ ሁሌ እነዚያኑ ስህተቶች እየደጋገምን ስለሆነ አንድ በአንድ ላንሳቸው።

"ጥሩ ሰው ነው" ብሎ ክርክሩን መዝጋት

ይሄ የኛ የሐበሾች ትልቁ ድክመት ነው ብል አላጋነንኩም። ሪክት በግልጽ ስለ እምነቱ የሚያወራ ሰው ስለሆነ ትልልቆቹ "አንተ ልጅ፣ ሰውየው እኮ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ነው" ካሉ በኋላ ማን አፉን ይከፍታል? እውነትም ደግ ሰው ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ያልከፈላቸውን ገንዘብ ለረዳቶቹና ለሰራተኞቹ ከራሱ ኪስ ሲከፍል ነበር፣ ነገሩ 2011 ላይ ሲወጣ ደግሞ እንደ ትንሽ የህግ ጥሰት ተቆጠረበት (ደግነት አሜሪካ ውስጥ ፎርም ይሞላበታል መቼስ)። ግን 2015 ላይ ጃክሰንቪል ሄዶ ከፍሎሪዳ ጋር ሲጫወት፣ ከዛ በፊት አንድም ጨዋታ ጀምሮ የማያውቅ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራና ኳስ የሚወረውር ተጫዋች) አስገብቶ ልጁ 4 ኳስ ለተቃራኒ ቡድን ሰጥቶ 27 ለ 3 የተሸነፈውም ያው ደግ ሰውዬ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።

የዚሁ ስህተት ሌላኛው ጫፍ ደግሞ ይባስ አስቀያሚ ነው፣ መሰናበቱ ልክ ነበር ለማለት ሰውየውን ማዋረድ። ሰነፍ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ማሸነፍ አይፈልግም ምናምን። አረ በናታችሁ፣ ማሸነፍ የማይፈልግ ሰው 145 ጨዋታ ያሸንፋል እንዴ።

አንድ ጨዋታ መዞ ማስረጃ ማድረግ

2012፣ የኤስኢሲ ፍጻሜ፣ ጆርጂያ ዶም፣ አላባማ 32 ጆርጂያ 28፣ ጆርጂያ እያጠቃች ኳሷ ከጎሉ መስመር 5 ያርድ ላይ፣ ሰዓት አለቀ። ያን ቀን ቢያሸንፉ ለሀገር ዋንጫ ያልፉ ነበር፣ ያለፈው አላባማ ኖትርዳምን 42 ለ 14 ቀጥቅጦ ዋንጫውን ወሰደ። የሪክት ወገን "5 ያርድ ነው የቀረው፣ ዕድል ነው" ይላል፣ ተቃዋሚው "ኳሷን መሬት ላይ መትቶ ሰዓቱን አያቆምም ነበር?" ይላል። ጨዋታው ያው አንድ ነው፣ ሁለቱም ያውለበልቡታል። ሁለቱንም ወገን የሚያገለግል ማስረጃ ደግሞ ምኑ ማስረጃ ነው። ከዛ ይልቅ ከ2005 በኋላ ባሉት 10 ሲዝኖች የኮንፈረንስ ዋንጫ አለመምጣቱን ማንሳት ይሻላል፣ እሱ ቢያንስ ብዙ ዓመት የሚሸፍን ነገር ነው።

በውጤቱ ተነስቶ ውሳኔውን መፍረድ

ዋናው ስህተት ይሄ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በሪክት ቦታ ኪርቢ ስማርት መጣ፣ ከ1980 በኋላ ያልታየውን የሀገር ዋንጫ በ2021 ሲዝን አመጣ፣ በሚቀጥለው 15 ጨዋታ 15ቱንም አሸንፎ በፍጻሜው የቴክሳሱን ዩኒቨርሲቲ ቲሲዩን 65 ለ 7 አድርጎ ደገመው። አለቀ፣ ሪክትን ማሰናበት ትክክል ነበር፣ ነጥብ። አይደል?

እስቲ የነብራስካ ዩኒቨርሲቲን እዩ። ፍራንክ ሶሊች በ1960ዎቹ እዛው የተጫወተ፣ ከ1979 ጀምሮ ረዳት ሆኖ የሰራ፣ ከ1998 ጀምሮ ዋና ኮች፣ 58 አሸንፎ 19 የተሸነፈ ሰው ነው። 2003 ላይ ኖቬምበር 28 ኮሎራዶን አሸነፈ፣ የዓመቱ ውጤት 9 አሸንፎ 3 መሸነፍ ሆነ፣ በማግስቱ ኖቬምበር 29 አባረሩት። ሪክትስ? 2015፣ ኖቬምበር 28 ጆርጂያ ቴክን 13 ለ 7 አሸነፈ፣ 9 አሸንፎ 3 መሸነፍ፣ ኖቬምበር 29 ስንብት። ቀኑ ሳይቀር አንድ! የነብራስካ መጨረሻ ግን ሌላ ነው፣ ቢል ካላሃን ከፕሮፌሽናሉ ቡድን ከኦክላንድ ሬይደርስ መጣ፣ ቡድኑ ለአሥርተ ዓመታት የኖረበትን እየሮጡ የማጥቃት አጨዋወት ጥሎ በፓስ የሚያጠቃ ቡድን ሊሰራ ሞከረ፣ በመጀመሪያው ዓመት 5 አሸንፎ 6 ተሸነፈ፣ ነብራስካ ከ1961 ወዲህ በሽንፈት የጨረሰችበት የመጀመሪያ ዓመት ሆነ። በ4 ዓመቱ እሱም ሄደ። ነብራስካ የኮንፈረንስ ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ ያነሳችው በ1999 ነው፣ ያነሳላት ማን መሰላችሁ፣ ያባረሩት ሶሊች።

እና ያው ዓይነት ውሳኔ አንዱ ጋ ሊቅ አስባለ አንዱ ጋ ጅል። ዕድል ብቻ ነው እንዳትሉኝ፣ ልዩነቱ ተተኪው ላይ ነው። ጆርጂያ ሪክትን ስታሰናብት ኪርቢ ስማርት ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ የራሷ የድሮ ተጫዋች ነው፣ አላባማ ላይ በዋናው ኮች በኒክ ሳባን ስር የመከላከል አሰልጣኝ ሆኖ ዋንጫ ሲሰበስብ የከረመ ነው፣ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ስሙ ታወጀ። ነብራስካ ግን መጀመሪያ አባረረች ከዛ መፈለግ ጀመረች፣ ካላሃን የተቀጠረው ጃንዋሪ ላይ ነው። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የምንለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ስለዚህ "ይሂድ" የሚል ሰው ሲገጥማችሁ መልሱ "ማን ይምጣ?" ብቻ ነው። ስም ካልጠራ ክርክር የለውም፣ ብስጭት ነው ያለው፣ ብስጭቱን አክብራችሁ ወሬ ቀይሩ።

ሁሉንም ነገር ኮቹ ላይ መጫን

ኮች በባዶ እጁ አያሸንፍም። ጆርጂያ ቤት ውስጥ ልምምድ የሚሰራበትን ትልቁን አዳራሽ የከፈተችው በ2017 ነው፣ ሪክት ማያሚ ከሄደ በኋላ ማለት ነው፣ ወጪው 30 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። አላባማ እንደዛ ዓይነት ነገር ከኖራት ቆይቷል። ኪርቢ ያገኘውን ብር ሪክትም ቢያገኝ ያሸንፍ ነበር እያልኩ አይደለም፣ እሱን ማንም አያውቅም። ግን ሁለቱን ስታነጻጽሩ የተሰጣቸውን ነገር ሳትቆጥሩ ብታነጻጽሩ ዝም ብሎ ጩኸት ነው የሚሆነው።

የአርሰናልን ክርክር እንዳለ ማምጣት

አብዛኞቻችን ያደግነው በፕሪሚየር ሊግ ስለሆነ ሪክት ሲነሳ ወዲያው ዌንገር ይመጣል፣ 22 ዓመት፣ አክብሩት፣ አይ ይውጣ። ስሜቱ ይመሳሰላል፣ አሰራሩ ግን አይገናኝም። ዌንገር ሲወጣ ተጫዋቾቹ የክለቡ ንብረት ናቸው፣ ኮንትራት አላቸው፣ የትም አይሄዱም። ኮሌጅ ላይ ግን ቤተሰቡ ሳሎን ቁጭ ብሎ ልጁን ያሳመነው ኮቹ ነው፣ እሱ ሲሄድ ገና ያልፈረመው ልጅ ቃሉን ሊያጥፍ ይችላል። ሪክት ሲሰናበት ጆርጂያ ውስጥ የነበረው ትልቁ ፍርሃት ጄኮብ ኢሰን የሚባለው ከዋሽንግተን ግዛት የተመለመለ ኳርተርባክ ነበር፣ በወቅቱ ሀገሪቱ ካሏት ምርጥ ልጆች አንዱ፣ እሱም ሲያመነታ ቆይቶ በመጨረሻ መጣ። አሁን ደግሞ ትራንስፈር ፖርታል (ተጫዋቾች ዩኒቨርሲቲ ለመቀየር ስማቸውን የሚያስመዘግቡበት) ስላለ ያሉትም ተጫዋቾች ሻንጣቸውን ማንሳት ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ኮች ማሰናበት ማለት ግማሽ ቡድን ለገበያ ማቅረብ ሊሆን ይችላል፣ የአርሰናል ደጋፊ ይሄ ጭንቀት የለበትም።

በመጀመሪያው ዓመት "አላልኳችሁም?" ማለት

ባጭሩ፣ ኪርቢ በ2016 8 አሸንፎ 5 ተሸነፈ፣ ያውም በሜዳው በቫንደርቢልት 17 ለ 16። ያን ማታ "ሪክትን መልሱልን" ያሉት ሰዎች ዛሬ ቀይና ጥቁር ለብሰው ኪርቢ ኪርቢ ይላሉ። ስም አልጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

የሄደውንና የመጣውን ባላንጣ ማድረግ

የሪክት ደጋፊ ከሆንክ ኪርቢን ማድነቅ ክህደት፣ የኪርቢ ከሆንክ ሪክትን ማመስገን ድክመት የሚመስላችሁ ሰዎች የ2017 ሲዝንን ቡድን ስም ዝርዝር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ሮዝ ቦውል በሚባለው የሀገር ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ኦክላሆማን በሁለተኛ ጭማሪ ሰዓት 54 ለ 48 ሲያሸንፉ፣ የኦክላሆማን ምት ዘሎ ያከሸፈው ሎሬንዞ ካርተር ነው፣ 27 ያርድ ሮጦ የጨረሰው ሶኒ ሚሼል ነው። ሁለቱንም በ2014 ያስፈረማቸው ሪክት ነው፣ ኒክ ቸብንም እንደዚሁ፣ ሮኳን ስሚዝን በ2015። ኪርቢ ደግሞ አሰልጥኖ፣ አደራጅቶ፣ እዛ ያደረሳቸው ነው። ያን ጨዋታ የማን ትሉታላችሁ?