አልቆም ያለ ሉፕ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ምልክት፦ ሉፕ፣ ማለትም ትእዛዞችን እየደጋገመ የሚያስኬደው የኮድ ክፍል፣ አልቆም ስላለ ፕሮግራሙ አንዴ ከተነሣ አያበቃም። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ይጮኻል፤ ስክሪኑ ላይ ያው መስመር ይደጋገማል፣ ወይም ጭራሽ ምንም አይታይም።

መጀመሪያ ኮንትሮልንና ሲን (Ctrl+C) አንድ ላይ ተጭነው ያስቁሙት። ከዚያ ኮዱን ለመነካካት አይቸኩሉ። ሉፑ ውስጥ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ቆጣሪውን (በየዙሩ የሚለወጠውን ቁጥር) ስክሪኑ ላይ የሚያትም ትእዛዝ ያስገቡና እንደገና ያስነሡት። ቁጥሩ ባለበት ቆሟል ወይስ ማቆሚያውን ዘልሎ አልፏል? ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

ባለበት ከቆመ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ኮንቲኒው ነው፤ ይህ የዙሩን ቀሪ መስመሮች ዘልሎ ወደ ቀጣዩ ዙር የሚያሳልፍ ትእዛዝ ነው። በዋይል ሉፕ (ሁኔታው እውነት እስከሆነ ድረስ በሚደጋግመው) ውስጥ «ቁጥሩ 5 ከሆነ ኮንቲኒው» ብለው አንድ የሚጨምረውን መስመር ከዚያ በታች ካስቀመጡት፣ 5 ላይ ሲደርስ ወደ ላይ ይመለሳል እንጂ መጨመሪያው ጋ አይደርስም። ለዘላለም 5 ነው። ከኮንቲኒው በፊትም ይጨምሩ፤ ወይም ቆጣሪውን ራሱ በሚያሳድገው በፎር ሉፕ ይተኩት።

ዙን የተባለው የማይክሮሶፍት ሙዚቃ ማጫወቻ ባለ 30 ጊጋባይቱ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2008 ደርቆ የቀረው በዚሁ ዓይነት ስሕተት ነበር። ሉፑ «ቀኑ ከ365 እስከበለጠ ቀጥል» ይላል፤ ዓመቱ ባለ 366 ቀን ሲሆን ግን የሚቀንሰው ቀኑ ከ366 ከበለጠ ብቻ ነው። ያ ዕለት ደግሞ 366ኛው ቀን ነበር፤ ለመውጣት በዛ፣ ለመቀነስ አነሰ። ባለቤቶቹ ባትሪው እስኪያልቅና ቀኑ እስኪያልፍ መጠበቅ ነበረባቸው።

ቁጥሩ ዘልሎ ካለፈ አስርዮሽን ይጠርጥሩ። ከዜሮ ተነሥተው 0.1ን ዐሥር ጊዜ ቢደምሩ ኮምፒውተሩ የሚሰጥዎት 0.9999999999999999 ነው። «ከ1 ጋር እኩል እስኪሆን» ያለ ሉፕ እንግዲህ መቼ ይቆማል? «ከ1 እስካነሰ» ብሎ ማረምም አያዋጣም፤ ይቆማል፣ ግን አንድ ዙር አብዝቶ ነው። በሙሉ ቁጥር እስከ 10 ይቁጠሩና ዋጋው ሲፈለግ ለ10 ያካፍሉ።

ምልክት፦ ብሬክ (ከሉፕ የሚያስወጣው ትእዛዝ) ተጽፏል፣ ሉፑ ግን ቀጥሏል።

አንድ ሉፕ በሌላ ሉፕ ውስጥ ሲሆን፣ ብሬክ የሚያወጣው ካለበት ከውስጠኛው ሉፕ ብቻ ነው፤ ውጪኛው አይሰማውም። በሲ ቋንቋ በስዊች (እንደ ዋጋው ከአማራጮች በሚመርጠው ትእዛዝ) ውስጥ ከሆነ ደግሞ የሚያቆመው ስዊቹን ነው። ጃቫ ለውጪኛው ሉፕ ስም ሰጥቶ በስሙ ብሬክ ማለትን ይፈቅዳል። እኔ ግን ሁለቱን ሉፖች ወደ አንድ ፈንክሽን (ስም ወዳለው የኮድ ክፍል) አውጥቼ፣ ከፈንክሽኑ በሚያስወጣው በሪተርን መመለስን እመርጣለሁ፤ ለሚያነበው ሰው ይቀላል።

ምልክት፦ አንድ ዙር ቀድሞ ያቆማል።

በፓይተን ቋንቋ ሬንጅ (ተከታታይ ቁጥሮችን የሚሰጠው) ከ1 እስከ 10 ሲባል 9 ላይ ያበቃል። 10ን ከፈለጉ 11 ብለው ይጻፉ።