ስፖንጅ ፍራሽን እንደ ጥጥ ፍራሽ መግዛት

ልጅ ሆኜ ከአጎቴ ጋር ፍራሽ አዳሽ ነበርኩ። ጠዋት መርፌና ሲባጎ ይዘን እንወጣና «ፍራሽ አዳሽ!» እያልን በየሰፈሩ እንዞራለን። የጠራን ሰው ግቢ ውስጥ ፍራሹን ተርትረን እንዘረግፈዋለን። የተጠቀጠቀውን ጥጥ ፀሐይ አስመትተን እንነድፈዋለን፣ መልሰን ሞልተን እንሰፋዋለን። ማታ ባለቤቱ አዲስ ፍራሽ ላይ ይተኛል።

ዛሬ የምሸጠው ስፖንጅ ነው። የደንበኞቼ እጅና ዓይን ግን አሁንም ጥጥ ላይ ነው። የማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚያ ይመጣሉ። ጥጥ ቢጠቀጠቅ ይታደሳል። ስፖንጅ ግን አንዴ ከሰረጎደ አጎቴም ከመቃብር ቢነሳ አያድሰውም።

ውፍረት አይቶ መግዛት

ይሄኛው ላይ ትንሽ እጮሃለሁ፣ ታገሱኝ።

ሰው ሱቅ ይገባል። ፍራሹን በስንዝር ይለካል። «ከዚህ ወፈር ያለ የለም?» ይላል። በጥጥ ዘመን ጥያቄው ልክ ነበር። ወፍራም ማለት ብዙ ጥጥ ማለት ነው፣ ጥጥ ደግሞ ገንዘብ ነው። ስፖንጅ ግን አብዛኛው አየር ነው። አንዱ ውስጥ ብዙ አየር አለ፣ ሌላው ውስጥ ትንሽ። ይሄን ደግሞ ስንዝር አይለካውም።

መጠየቅ ያለባችሁ ዴንሲቲውን ነው። አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። 15 እና 16 የሚባለው ለሶፋ መደገፊያ ይሁን፣ ለሰው ወገብ አይሆንም። ማታ ማታ ለሚተኛበት አዋቂ ሰው እኔ ከ25 በታች አልመክርም። ከበድ ላለ ሰው 30ና ከዚያ በላይ።

እስቲ እናስላው። ሁለት ፍራሾች አሉ፣ ሁለቱም ሜትር ከሃያ በሜትር ከዘጠና። አንዱ 25 ሳንቲ ሜትር ወፍሮ ዴንሲቲው 16 ነው። ስፖንጁ 9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሌላው 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ ዴንሲቲው ግን 30። እሱ ከ10 ኪሎ ይበልጣል። ቀጭኑ ከወፍራሙ ከበደ ማለት ነው! ወፍራሙን ደስ ብሎት ተሸክሞ የሄደው ሰውዬ ትርፍ አገኘሁ ያለው አየር ነው።

አንድ ልጅ ለጥር ሠርጉ ከሌላ ቦታ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ፍራሽ ገዛ። እኔ ጋ ዋጋ ጠይቆ «ያንተ ቀጭን ነው» ብሎኝ ነው የሄደው። ፋሲካ ሳይደርስ ተመልሶ መጣ። «ጋሼ፣ ከየትኛውም ጥግ ብንተኛ ጠዋት መሀል ላይ ተደራርበን ነው የምንነቃው» አለኝ። ለሙሽራ ምን ክፋት አለው ብዬ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ቤቱ ሄጄ ዚፑን ከፈትኩት። መሀሉ ላይ ሰሐን የሚያስቀምጥ ጉድጓድ ሠርቷል። የሠርግ ብሩ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል።

ሻጩ «ዴንሲቲ ምንድነው?» ካላችሁ ወይም አፉ እንዳመጣለት ቁጥር ከጠራ፣ ይመዘን በሉ። አንዷ ደንበኛዬ ይሄን ስነግራት ፍራሹን ጠቅልላ መንገድ ዳር ሰው የሚመዝን ልጅ ጋ ወሰደችው። መጀመሪያ ብቻዋን ወጣች፣ ከዚያ ፍራሹን አቅፋ። ልጁ የሁለት ሰው ሒሳብ ተቀበላት። ይገባዋል። እሷም ልብሱን አንድ ኪሎ ገደማ ብላ ቀንሳ፣ ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረቱን በሜትር በስልኳ አባዝታ፣ ኪሎውን ለዚያ አካፍላ፣ የገዛችው «30» በእርግጥ 19 እንደሆነ ደረሰችበት። ሱቁን አልጠራም፣ ብሯን ግን አስመልሳለች።

ሚዛንም የሚታለልበት ጊዜ አለ። አንዳንድ ስፖንጅ ሲሠራ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይጨመርበታል፣ ኪሎው እንዲነሳ። እንዲህ ያለው ቶሎ ይፈረፈራል። የቁርጥራጭ ስፖንጅ ፍጭም በሙጫ ተጨፍልቆ ፍራሽ ይሆናል። ቀለሙ ዥንጉርጉር ነው፣ ይከብዳል፣ ይጠነክራል። መጥፎ ላይሆን ይችላል፣ ግን በዋናው ስፖንጅ ዋጋ አይገዛም። ስለዚህ ዚፕ ካለው ክፈቱት። «አይከፈትም» ካሏችሁ ሌላ ሱቅ ሞልቷል።

«ለወገብ ጠንካራ ነው ጥሩ»

ዴንሲቲና ጥንካሬ አንድ አይደሉም። ዴንሲቲው ከፍ ብሎ ለስላሳ የሆነ አለ፣ ዝቅ ብሎ ደረቅ የሆነም አለ። ዴንሲቲ ዕድሜውን ይነግራችኋል፣ ጥንካሬ ምቾቱን።

እኔም ወገቤን አመመኝ ለሚል ሁሉ በጣም ጠንካራውን እሸጥ ነበር። ሐኪም የሆነ ደንበኛዬ ነው ያረመኝ። ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ የስፔን ጥናት አውጥቶ ነበር። 313 የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለሁለት ከፍለው ለ90 ቀን አስተኟቸው። ጥንካሬው መካከለኛ የሆነ ፍራሽ ላይ የተኙት ጠንካራው ላይ ከተኙት ይልቅ ሕመማቸው ቀለለ። ከዚያ ወዲህ ጣውላ የሚመስል ፍራሽ ለወገብ ብዬ ሸጬ አላውቅም። የሸጥኩላችሁ ካላችሁ ይቅርታ።

በእጅ ተጭኖ መወሰን

እጅ አይተኛም። መተኛት ያለበት የሚተኛው ሰው ነው፣ ባልና ሚስት ከሆኑ ደግሞ ሁለቱም። መርካቶ ውስጥ ሰው እያየ መጋደም እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ሱቁም ጠባብ ነው፣ ፍራሹ ሁሉ ቆሞ ነው የተደረደረው። ቢሆንም አስወርዱት። ጫማችሁን አውልቁ፣ ነጠላ ጣል አድርጉና አሥር ደቂቃ ተጋደሙ። በጀርባችሁ ተኝታችሁ መዳፋችሁን በወገባችሁ ሥር ስደዱት። ያለ ምንም ትግል ወዲያና ወዲህ ከሄደ ፍራሹ ደርቆባችኋል። ጭራሽ አልገባ ካለ ሰምጣችኋል። በጎን የምትተኙ ከሆነ ትከሻችሁ ትንሽ ገባ እንዲል ለስለስ ያለውን ምረጡ።

የአልጋውን ርብራብ መርሳት

አንድ ደንበኛ «ፍራሽህ ተሰበረ» ብሎ ደወለ። ስፖንጅ ተሰብሮ አያውቅም፣ ሄድኩ። ፍራሹን ሳነሳው ሁለት ርብራብ ተሰብሯል፣ አንዱ በጡብ ተደግፏል። በቀረውም መካከል ድመት ያልፋል። አናጢው እንጨት ቆጥቦ ነው፣ ተወቃሹ ግን እኔ። በርብራቡ መካከል አራት ጣት ከገባ ይበቃል፣ ከዚያ ከሰፋ ስፖንጁ ወደ ታች እየተጠባ ይሄዳል። አልጋ ከሌላችሁና መሬት ላይ የምታነጥፉ ከሆነ ደግሞ ቀን ቀን ግድግዳ ላይ አቁሙት። ሲሚንቶ ወለል እርጥበት አለው፣ ሥሩ ይሻግታል።

አልጋችሁን ሳትለኩ አትምጡ። የውስጡን፣ የውጩን አይደለም።

ስፕሪንጉን አጥፎ መጫን

ይሄን ራሴ ሠርቼዋለሁ። የእህቴን ስፕሪንግ ፍራሽ ለጭነት መኪና ገንዘብ ሰስቼ እንደ ደብተር አጠፍኩትና ላዳ ላይ ጫንኩት። የዳሩ ሽቦ ተጣመመ፣ አልተቃናም። እህቴ ያንን ቦታ እስከ ዛሬ «ያንተ ጉብታ» ትለዋለች። ስፖንጅ ለአንድ ቀን ቢጠቀለል ምንም አይሆንም። ስፕሪንግ ግን ተዘርግቶ ወይም በጎኑ ቆሞ ነው የሚሄደው።

ስፕሪንግ ካነሳን አይቀር፣ አንዳችሁ ስትገላበጡ ሌላችሁ የምትነቁ ከሆነ እያንዳንዱ ሞላ በየራሱ ከረጢት የተሰፋበትን ጠይቁ። ሞላዎቹ እርስ በርስ የተያያዙበት ሲሆን የአንዱ መገላበጥ ለሁለቱም ይደርሳል።

ላስቲኩን አለማንሳት

አንሱት። «እንዳይቆሽሽ» ነው መልሱ ሁልጊዜ። ላብ መውጫ ሲያጣ ያው ፍራሹ ውስጥ ይቀራል፣ ላስቲኩም ሌሊቱን ሙሉ ይንኮሻኮሻል። ለመቆሸሹ የሚታጠብ የፍራሽ ልብስ ግዙለት።

ያገለገለ ፍራሽ ርካሽ ተብሎ ከተገዛ ትኋኑ በነፃ ይመጣል። ይኸው ነው።

ደረሰኝና ዋስትና ወረቀቱንም አትጣሉ። «አምስት ዓመት» የሚለውን ብቻ ሳይሆን ስንት ሳንቲ ሜትር ሲሰምጥ እንደሚቀየር የሚለውን አንብቡ። ካልተጻፈ በብዕር ይጻፍላችሁ።

ፀሐይ ማስመታት

የጥጥ ፍራሽን ፀሐይ ማስመታት ትልቅ ሙያ ነበር። እርጥበቱ ይወጣል፣ ጥጡ ይነፋል። ስፖንጅ ላይ ግን ፀሐይ ራሱ ነው የሚበላው። በቀጥታ ሲመታው መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ላዩ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ጥላ ሥር፣ ነፋስ ባለበት አናፍሱት። በየሦስት ወሩ ራስጌውን ወደ ግርጌ አዙሩት።

ለእናቴ ባለፈው ዓመት ዴንሲቲው 30 የሆነ ጥሩ ፍራሽ ወሰድኩላት። ይሄንኑ ሁሉ አስረዳኋት፣ «እሺ ልጄ» አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ስሄድ ፍራሹ ግቢው ውስጥ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። በላዩ ጋቢ ተደርቦበታል።

«እማዬ፣ ፀሐይ አይንካው አላልኩሽም?»

«አልነካውም እኮ፣ ጋቢ አልብሼዋለሁ» አለችኝና በዱላ መታ መታ አደረገችው።