ገንዘቡን ማን ያወጣል? የውጭ ትምህርት፣ የቋንቋ እና የፌሎውሺፕ ዕድል አፈላለግ

ብዙ ተማሪ ፍለጋውን የሚጀምረው ጎግል ላይ «ሙሉ ስኮላርሺፕ» ብሎ በመጻፍ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። አንዱ ገጽ ከሌላው የገለበጠው ዝርዝር፣ ቀኑ ያለፈበት ማስታወቂያ፣ «አሁኑኑ ያመልክቱ» የሚል ቁልፍ። ሁለት ሰዓት ያልፋል፤ በእጃችሁ የሚቀር ነገር ግን የለም።

እኔ ከሌላ ጥያቄ ጀምሩ ባይ ነኝ። ይህን ገንዘብ የሚያወጣው ማነው? ለምንስ ያወጣል? ማንም ዝም ብሎ ገንዘቡን አይበትንም። ከፋዩ ምን እንደሚፈልግ ካወቃችሁ፣ የት መፈለግ እንዳለባችሁም ማመልከቻው ላይ ምን መጻፍ እንዳለባችሁም በግማሽ ተገለጠላችሁ ማለት ነው።

የምትፈልጉትን ለዩ

ሦስት ነገሮች ይምታታሉ። የውጭ ትምህርት ሲባል ወይ ዲግሪውን እዚያው መያዝ ነው፣ ወይ አንድ ሁለት ሴሚስተር ተምሮ መመለስ። የቋንቋ ፕሮግራም ከጥቂት ሳምንት እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል፤ ብዙውን ጊዜ ዲግሪ የለውም። ፌሎውሺፕ ደግሞ በአብዛኛው ሰውየውን አይቶ የሚሰጥ ነው፤ ምርምሩን፣ የሠራውን ሥራ፣ ነገ ሊሠራ ያሰበውን። ስሙን ግን ብዙ አትመኑት። ፌሎውሺፕ ተብሎ ተራ ስኮላርሺፕ የሆነ አለ፤ የተገላቢጦሹም እንደዚያው።

አንድ ወረቀት ላይ ስንተኛ ዓመት እንደሆናችሁ፣ የትምህርት ዘርፋችሁን፣ ነጥባችሁን፣ የምትችሉትን ቋንቋ እና ለምን ያህል ጊዜ ከቤት መራቅ እንደምትችሉ ጻፉ። ይህች ወረቀት ብዙ ድካም ታስቀራለች።

በራችሁ ላይ ያለውን አትዝለሉ

ዩኒቨርሲቲያችሁ የውጭ ግንኙነት ቢሮ ካለው ሂዱና አንኳኩ። ከየትኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የልውውጥ ስምምነት አለ? ለየትኛው ትምህርት ክፍል? ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ሄደ? እዚያ የተወሰደው ኮርስ ስትመለሱ ይያዝላችኋል? በልውውጥ ስምምነት የሚሄድ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም። በ1987 የተጀመረው የአውሮፓ ኢራስመስ የልውውጥ ፕሮግራም ዋና መንገዱ ይኸው ነው፤ የሚያልፈው በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ባለ ስምምነት ነው። ፉክክሩ ከዓለም ጋር ሳይሆን ከግቢያችሁ ልጆች ጋር ነው። አንዳንድ ጊዜ ቦታው አመልካች አጥቶ ያድራል፣ ማንም ስላልጠየቀ።

ከፋዮቹን አንድ በአንድ

ትልቁ ገንዘብ ያለው መንግሥታት ዘንድ ነው። የጀርመኑ ዳድ (DAAD) ከ1925 ጀምሮ ያለ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ነው። የስኮላርሺፕ መፈለጊያ ገጹ ላይ አገራችሁን፣ ዘርፋችሁን እና የትምህርት ደረጃችሁን ስትመርጡ የሚመለከታችሁን ብቻ ያወጣላችኋል። ፉልብራይት የተባለው የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ በ1946 ተጀመረ፤ ዓላማው የአገር ለአገር መግባባት ስለሆነ ጥሩ ውጤት ብቻውን አይበቃውም።

ቺቭኒንግ የተባለውን የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ተመልከቱ። ከ1983 ጀምሮ ያለ ነው፤ የአንድ ዓመት ማስተርስ ይሸፍናል። ግን 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ስትጨርሱም ቢያንስ ሁለት ዓመት አገራችሁ ተመልሳችሁ እንድትቆዩ ይፈልጋል። ለምን? ከፋዩ የሚገዛው ነገ በየአገሩ ወሳኝ ቦታ ላይ የሚቀመጥ ወዳጅ ነው። ማመልከቻው ላይ የሚጻፉት ጽሑፎች ስለ መሪነት እና ከሰው ጋር ስለ መገናኘት የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ገና ያልተመረቀ፣ የሥራ ልምድም የሌለው ልጅ እዚህ ላይ ጊዜውን ባያጠፋ ይሻለዋል። ይልቅ ከተመረቀ በኋላ የሚሠራባትን እያንዳንዷን ሰዓት ይመዝግብ፤ የትርፍ ሰዓት ሥራም ትቆጠራለች።

የጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ፣ ሜክስት የሚሉት፣ ሁለት በር አለው። አንዱ በኤምባሲ ነው፤ ሌላው በጃፓን ዩኒቨርሲቲ አቅራቢነት። ብዙ ሰው የሚያውቀው የኤምባሲውን ብቻ ነው። ኤምባሲው ካልተሳካ በሌላ ዙር ፕሮፌሰር አግኝቶ በዩኒቨርሲቲው በኩል መሞከር ይቻላል። የኮሪያ እና የቱርክ መንግሥታት ስኮላርሺፖች ደግሞ ከዲግሪው በፊት አንድ ዓመት ቋንቋቸውን የሚያስተምሩ ናቸው። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ላይ አይደሉም፤ የሚማርላቸውን ነው የሚፈልጉት።

ኢራስመስ ሙንዱስ ከ2004 ጀምሮ አለ፤ ከኢራስመስ ልውውጥ ጋር አታምታቱት። ማስተርስ ነው፣ ቢያንስ በሁለት አገር ትማራላችሁ። ማመልከቻው ብራስልስ ወዳለው የአውሮፓ ኅብረት አይሄድም፤ በቀጥታ ፕሮግራሙን ለሚመሩት ዩኒቨርሲቲዎች ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ካታሎጉን ከፍቶ ፕሮግራም መምረጥ ነው። አብዛኞቹ የሚቀበሉት ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ባለው ጊዜ ነው። የመጨረሻ ዓመት ተማሪም በአብዛኛው ማመልከት ይችላል፣ ትምህርቱ ሳይጀመር ዲግሪውን የሚይዝ ከሆነ።

የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ያላችሁ «ለኛ ምንም የለም» አትበሉ። በጃፓን ኦኪናዋ ያለው ኦይስት የተባለ የሳይንስ ተቋም ለተማሪዎች የምርምር ልምምድ ይሰጣል፤ ጉዞውን፣ ማደሪያውን እና የኪስ ገንዘቡን ችሎ። ጄኔቫ አጠገብ ያለው ሰርን (CERN) የተባለ የአውሮፓ አገሮች የፊዚክስ ምርምር ማዕከልም የክረምት ተማሪዎችን ይቀበላል፤ አባል ላልሆኑ አገሮች ተማሪዎችም ቦታ አለው።

ቋንቋ እንደ መግቢያ በር

ሰው የሚንቀው ይህን ነው። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር ለሚወጣ ተማሪ ከሁሉ የምመርጠው እሱን ነው። አጭር ነው፤ ለቀጣዩ ማመልከቻም ማስረጃ ይሆናል። ዳድ ጥቂት ጀርመንኛ ይዘው ለሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የክረምት ኮርስ ስኮላርሺፕ አለው። የታይዋን ሁዋዩ የሚባለው ስኮላርሺፕ ማንዳሪን ለመማር ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ይከፍላል።

ደረጃችሁን ስትገልጹ «መካከለኛ» አትበሉ። የአውሮፓው መለኪያ ከኤ1 እስከ ሲ2 ስድስት ደረጃ አለው፤ ፎርሞቹ የሚጠይቁት እሱን ነው። እንግሊዝኛን በተመለከተ አይኤልትስ እና ቶፍል የተባሉት ፈተናዎች ውጤት ዋጋ የሚኖረው ለሁለት ዓመት ነው። ገና ሁለተኛ ዓመት ላይ ሆኖ ለማስተርስ ብሎ መፈተን ብር መጣል ነው። ትምህርታችሁን በእንግሊዝኛ ከተማራችሁ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲያችሁ የሚጻፍ ደብዳቤ በፈተናው ፈንታ የሚቀበሉ አሉ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ማስታወቂያውን ከመሀል አንብቡ

መግቢያው ሁልጊዜ ያማረ ነው። እሱን ዝለሉና «ማን ማመልከት ይችላል» ወደሚለው ሂዱ። አገር፣ ዕድሜ፣ ዲግሪው የተያዘበት ዓመት፣ የሥራ ልምድ። አንዱ ካልገጠመ ገጹን ዝጉት። «ሙሉ» የሚለውን ቃልም ዘርዝሩት፦ የትምህርት ክፍያ፣ ወርሃዊ መተዳደሪያ፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ የጤና መድን፣ ቪዛ። የትምህርት ክፍያ ብቻ የሚሸፍን «ሙሉ» አጋጥሞኛል። ቤት ኪራዩን ማን ይክፈል?

ዳድ፣ ቺቭኒንግ፣ ፉልብራይት እና የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለማመልከቻ ገንዘብ አይጠይቁም። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ክፍያ አላቸው፤ የሚከፈለው ግን በራሳቸው ድረ ገጽ ነው፣ በደላላ እጅ አይደለም። «ቦታ ይዤልሃለሁ፣ ቀብድ ላክ» የሚል ሰው ከመጣ ወሬው እዚያ ጋ ያብቃ።

ቀኑን ወደ ኋላ ቁጠሩ

ትምህርቱ ሴፕቴምበር ላይ የሚጀመር ከሆነ ማመልከቻው ብዙ ጊዜ የሚዘጋው ከዚያ በፊት ባለው ኦክቶበር እና ፌብሩዋሪ መካከል ነው። ሰነድ ማሰባሰቡ ሲጨመር ዓመት ተኩል ያህል ቀድሞ መነሳት ማለት ነው። የዘንድሮው ማስታወቂያ ካልወጣ የአምናውን አንብቡ፤ ብዙውን ጊዜ ያን ያህል አይለዋወጥም። አንድ ሠንጠረዥ ሥሩ፦ የፕሮግራሙ ስም፣ ከፋዩ፣ የሚፈልገው፣ የሚዘጋበት ቀን፣ የጎደለኝ ሰነድ። የመዝጊያ ሰዓቱ በማን አገር ሰዓት እንደሆነም ጻፉበት። እኔ አንዴ በዚህ ተበልቻለሁ፤ ማታ ስገባ ፎርሙ ከተዘጋ ሁለት ሰዓት ሆኖት ነበር።

ከአምስት ፕሮግራም በላይ አትያዙ። በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ መለጠፍ ይመጣላ!

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁን መምህር ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጠይቁ። ስትጠይቁም ሲቪያችሁን፣ የፕሮግራሙን ማስታወቂያ እና እሳቸው ዘንድ የሠራችሁትን ሥራ የሚያስታውስ አንድ አንቀጽ አብራችሁ ስጡ። መምህሩ መቶ ተማሪ አላቸው፤ ያቺን አንቀጽ ካልሰጣችኋቸው የሚጽፉት «ጎበዝ እና ታታሪ ተማሪ ነበር» የምትለውን ነው።