«አቶርኒ ጄኔራሉ ከሰሰልን!» ከማለት በፊት

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ቡና ቤት ተቀምጠናል። ጃንዋሪ 2025 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የፕሬዚዳንት ትራምፕ የዜግነት ትእዛዝ ከወጣ ገና አንድ ቀኑ። እናትየው ወረቀት ከሌላት ወይም በጊዜያዊ ቪዛ ከሆነች፣ አባትየውም ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ካልሆነ፣ እዚህ የሚወለደው ልጅ ዜጋ አይሆንም ይላል። አንዱ ወዳጃችን ስልኩን ከፍ አድርጎ «ተገላገልን! አቶርኒ ጄኔራሉ ከሰሰልን» አለ። ሁላችንም ደስ አለን። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው፣ ሚስቱ እርጉዝ የሆነችው ጓደኛችንም አብሮን ደስ አለው። የሜሪላንድ አቶርኒ ጄኔራል ከከሳሾቹ አንዱ ነበር። የቨርጂኒያው ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ዜና በወጣ ቁጥር የምሰማቸውን ስህተቶች ልቁጠራቸው።

«አቶርኒ ጄኔራል ያው አቶርኒ ጄኔራል ነው»

አይደለም። ዋሽንግተን ያለው የፌዴራሉ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው፤ የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነው። የስቴቱ ደግሞ የስቴቱ ጠበቃ ነው። በ43 ስቴቶች ሕዝብ ይመርጠዋል። ከላይ የሚያዘው የፌዴራል አለቃ የለውም። እንዲያውም በእነዚህ ክርክሮች ሁለቱ ፊት ለፊት ነው የሚቆሙት፤ አንዱ ይከሳል፣ የሌላው ጠበቆች ይከላከላሉ። «ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ» ብለን ስንተረጉመው ወንጀለኛ የሚከስ ሰው ይመጣብናል፤ ግማሹ ግራ መጋባት ከዚያ ነው። ሌላው ግማሽ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ነው። እዚያ በሕገ መንግሥት ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። እዚህ ግን አንድ የፌዴራል የታችኛው ፍርድ ቤት ዳኛ የፕሬዚዳንቱን ትእዛዝ ሊያቆም ይችላል።

«ሕዝቡ ስለተበደለ ይከሳል»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ስቴት በፌዴራል መንግሥት ላይ «ሕዝቤ ተበደለ» ብሎ ብቻ መክሰስ አይችልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ለማሳቹሴትስ የነገራት በ1923 ነው። የፌዴራሉም መንግሥት የዚያው ሕዝብ መንግሥት ነውና። ስለዚህ አቶርኒ ጄኔራሉ መጀመሪያ «ስቴቱ ራሱ ምን ጎደለበት?» ለሚለው መልስ ማዘጋጀት አለበት።

መልሱ አንዳንዴ ያስቃል። ኦባማ ወረቀት ለሌላቸው ወላጆች የሥራ ፈቃድ ለመስጠት ሲነሱ ቴክሳስ 25 ስቴቶችን አስከትላ ከሰሰች። ምን ብላ? መንጃ ፈቃድ ብላ። እነዚህ ሰዎች ፈቃድ ሲያወጡ በእያንዳንዱ ካርድ ቢያንስ 130 ዶላር ከ89 ሳንቲም እከስራለሁ አለች። በዚያች ሂሳብ በር ተከፈተላት፤ ፕሮግራሙም ሳይጀመር ቀረ። በ2017 ዋሽንግተን ስቴት የሰባት አገር ዜጎች እንዳይገቡ የከለከለውን የትራምፕ ትእዛዝ ስትከስ የጠቀሰችው የዩኒቨርሲቲዎቿን ተማሪዎችና መምህራን ነበር። በ2023 ደግሞ የባይደን የተማሪ ብድር ስረዛ የወደቀው ሚዙሪ ባቋቋመችው አንድ የብድር አስተዳዳሪ ድርጅት ምክንያት ነው። ድርጅቱ በዓመት 44 ሚሊዮን ዶላር ገቢ ያጣል ተባለ፤ እሱ ከተጎዳ ሚዙሪ ተጎዳች ተባለ። ስንት ሚሊዮን ተበዳሪ የሚጠብቀው ነገር በዚህ ክር ተንጠልጥሎ ነበር።

ግን ገንዘብ ወጣብኝ ማለትም ሁልጊዜ አይበቃም። በዚያው ዓመት ቴክሳስና ሉዊዚያና «መጀመሪያ ማን ይባረር» የሚለውን የባይደንን መመሪያ ሲከሱ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 1 የመክሰስ መብት የላችሁም ብሎ መለሳቸው። ስለዚህ የክስ ዜና ሲያነቡ የትእዛዙን ክፋት ብቻ አይመልከቱ። ስቴቱ ምን አጣሁ እንዳለ ይፈልጉ።

«ሁሉም እኩል ሥልጣን አለው»

ሜሪላንድን ብቻ ልጥቀስ። እስከ 2017 የሜሪላንድ አቶርኒ ጄኔራል የፌዴራሉን መንግሥት ለመክሰስ የስቴቱን ገዢ ወይም የስቴቱን ምክር ቤት ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ገዢው ሪፐብሊካን፣ አቶርኒ ጄኔራሉ ዴሞክራት ሆነው ሲገኙ ነገሩ ተያዘ። ምክር ቤቱ በዚያ ዓመት ፈቃዱን በራሱ ሰጠውና ተፈታ።

«የዴሞክራቶች ጨዋታ ነው»

በኦባማ ጊዜ የቴክሳሱ አቶርኒ ጄኔራል፣ ሪፐብሊካኑ ግሬግ አቦት ሥራቸውን ሲገልጹ፣ ጠዋት ቢሮ እገባለሁ፣ እከሳለሁ፣ ማታ ቤቴ እገባለሁ ይሉ ነበር። ወንበሩ ሲገለበጥ ከሳሹም ይገለበጣል።

«ታገደ ማለት አለቀ ማለት ነው»

እግድ ፍርድ አይደለም። የ2017ቱ የጉዞ ክልከላ በፌብሩዋሪ 3 ሲያትል ላይ ታገደ፤ ሰው ቲኬት እየቆረጠ ሮጠ። መንግሥት ሁለተኛ ጻፈ፣ ሦስተኛ ጻፈ። ሦስተኛው በጁን 2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 ጸደቀ። በሩ ክፍት በነበረ ጊዜ የገባ ገባ፤ «አልቋል፣ ቀስ እላለሁ» ያለ ውጭ ቀረ።

«የሌላው ስቴት እግድ እኔንም ይሸፍነኛል»

ወደ አሌክሳንድሪያው ጓደኛችን እንመለስ። መጀመሪያ ላይ የሲያትሉ ዳኛ እግድ አገር አቀፍ ስለነበር እሱም ተሸፍኖ ነበር። ጁን 27 ቀን 2025 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች ከከሳሾቹ አልፈው አገሩን ሁሉ የሚሸፍን እግድ መስጠት የለባቸውም አለ። ለስቴቶች ምን ያህል ስፋት ያስፈልጋል የሚለውን ለታች ፍርድ ቤቶች ተወው። ያን ሰሞን ሰውዬው እንቅልፍ አጣ። ከሲልቨር ስፕሪንግ እሱ ቤት ግማሽ ሰዓት ነው፤ ሁለቱን ስቴቶች የሚለያቸው የፖቶማክ ወንዝ ብቻ። አንድ ጊዜ የምሩን «ሜሪላንድ ብትወልድ ይሻላል?» ብሎ ጠየቀኝ።

በጁላይ አንድ የኒው ሃምፕሻየር ዳኛ በቡድን ክስ ልጆቹን በየትም ስቴት ቢወለዱ የሚሸፍን እግድ ሰጠ። ያንን ክስ ያቀረበ አቶርኒ ጄኔራል የለም። የከሰሱት ወላጆች ናቸው።

«እሱ የእኔ ጠበቃ ነው»

የስቴቱ ነው። የጥገኝነት ፋይልዎን ይዘው ቢሄዱ በትሕትና ወደ ኢሚግሬሽን ጠበቃ ይመልስዎታል። ሰው የማያውቀው ግን ሌላ በር አለ፤ የሸማቾች ጥበቃ ክፍሉ። ጠበቃ ሳይሆን «ወረቀት አስጨርሳለሁ» ብሎ የበላዎት ሰው ካለ፣ አቤቱታ የሚቀርበው እዚያ ነው፤ በነጻ። አንዲት ጎረቤቴ እንዲህ ተበልታ «ደረሰኝ እኮ የለኝም» አለችኝ። ስልኳን ተቀብዬ የዜል ዝውውሩንና የቫይበር መልእክቶቹን አንድ በአንድ ስክሪንሾት አድርገን አያያዝናቸው።