ጆሮው እየጮኸበት ድሬ ላይ ለሚውል ሰው

ጆሮው ለሚጮህበት ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ምክር «ጸጥ ያለ ቦታ ፈልግ» ነው። አቦ ተዉን! ቀፊራ ገበያ የሚነግድ፣ ባጃጅ የሚነዳ፣ ብረት የሚቆርጥ ሰው ጸጥታ ከየት ያመጣል? እኔ የብረት በርና መስኮት ሠሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ግራይንደር ነው። ማሽኑ ሲጠፋ የኔ ጆሮ ይቀጥላል፤ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ሲይይይ የሚል ፊሽካ። ሐኪም አይቶኛል፤ «የጩኸት ጉዳት ነው፣ ልመደው» ነው ያለኝ። እንዴት እንደሚለመድ ግን አልነገረኝም። እሱን ልንገራችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ ደቃቅ ፀጉር ያላቸው ሴሎች አሉ። ኃይለኛ ጩኸት ይጎዳቸዋል፤ አንዴ ከሞቱ ደግሞ አይተኩም። አንጎል ከዚያ የሚመጣለት ድምፅ ሲያንስበት፣ ጣቢያው አልገባ ያለው ሬዲዮ ላይ ቮሊዩም እንደሚጨምር ሰው ያደርጋል። ፊሽካው ከዚያ ነው የሚመጣው ይላሉ። ስለዚህ ጠላታችን ሁለት ነው፤ ትልቅ ጩኸትም፣ ጭር ያለ ጸጥታም። ከመጀመሪያው እንሸሻለን፣ ወደ ሁለተኛው ግን አንሮጥም።

ከትልቁ ጩኸት እንጀምር። 85 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) የሆነ ድምፅ ውስጥ 8 ሰዓት መሥራት እንደ ገደብ ይወሰዳል። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ከሆነ 4 ሰዓት፣ 91 ከሆነ 2 ሰዓት። ግራይንደር ብረት ሲነካ 100 አካባቢ ይደርሳል፤ ያኔ የቀራችሁ 15 ደቂቃ ነው። አንድ መስኮት እንኳ አያስጨርስም። ዴሲቤል የሚለካ አፕ ስልካችሁ ላይ መጫን ትችላላችሁ። እንደ ባለሙያ መሣሪያ ልክክ ባይልም ግምት ይሰጣል። አፕ ከሌለ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመግባባት መጮህ ካስፈለጋችሁ ቦታው ጆሮ ይጎዳል።

ጥጥ መወተፍ ዋጋ የለውም፤ የሚያስቀረው ድምፅ ኢምንት ነው። የሚሠራው የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ነው፤ የሥራ ደህንነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጠይቁ። ግን አብዛኛው ሰው አደራረጉን አያውቅም፤ ጫፉን ብቻ አስገብቶ «አይሠራም» ይላል። መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡ፣ የብረት ብናኝ ጆሮ ውስጥ እንዳይገባ። መድፈኛውን በጣቶቻችሁ እያንከባለላችሁ እንደ እስክሪብቶ ቀፎ አቅጥኑት። በሌላው እጃችሁ ከራሳችሁ ኋላ ዞራችሁ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ፤ ቀዳዳው ቀጥ ይላል። አስገቡትና እስኪነፋ ድረስ በጣታችሁ ይዛችሁ ቆዩ፤ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ተናገሩ። የራሳችሁ ድምፅ ወፍሮ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ከተሰማችሁ በደንብ ገብቷል። ከላይ የሚጠለቀው ትልቁ መሸፈኛም ጥሩ ነው፣ ግን በድሬ ሙቀት ጆሮ ይቀቅላል። በዚያ ላይ የዓይን መከላከያ መነጽር ካደረጋችሁ እጀታው ክፍተት ይፈጥርና ድምፅ ያስገባል። መነጽሩን ግን በምንም ተአምር እንዳታወልቁ።

ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው፤ ሥራው ሲያበቃ መድፈኛውን አውጡት። ለቀፊራ፣ ለካፌ፣ ለሰፈር ወሬ ጆሮውን ደፍኖ የሚውል ሰው አለ። ሲያወጣው የሰሃን ኳኳታ እንኳ ያስደነግጠዋል፣ ፊሽካውም ይጎላበታል።

ለድንገተኛ ጩኸት፣ ለምሳሌ መናኸሪያ ላይ ለሚነፋ ጡሩምባ፣ ጣት ይበቃል። ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ያለችውን ትንሽ ጉብታ ወደ ውስጥ ተጫኗት። ባጃጅ ውስጥ ስፒከሩ ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ከሆነ «ወንድሜ፣ ቀንስልኝ፣ ጆሮዬን ያመኛል» በሉ። «ያመኛል» ካላችሁ ሁሉም ይቀንሳል። «ይረብሸኛል» ካላችሁ ግን ክርክር ነው።

ሠርግ አትቅሩ። ድንኳን ስትገቡ መጀመሪያ ሞንታርቦው የት እንደቆመ እዩ። ሜዳ ላይ ርቀታችሁን እጥፍ ባደረጋችሁ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ግድግዳ ባለው አዳራሽ ግን ድምፁ እየተመለሰ ስለሚመጣ ያን ያህል አይቀንስም። ስለዚህ አዳራሽ ከሆነ መድፈኛ ይዛችሁ ሂዱ፤ በየመሃሉም ውጭ ወጣ ብላችሁ ጆሯችሁን አሳርፉ። የአክብሮት ቦታ ተብሎ ከሞንታርቦው ፊት ቢያስቀምጧችሁ «እግሬን ዘርግቼ ልቀመጥ» ብላችሁ ወደ ጥግ ሂዱ። ይህች ውሸት አትቆጠርም።

ወሬ መስማት ሌላ ጣጣ ነው። ጩኸት የጎዳው ጆሮ ቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ተ» ይጠፋሉ። ድምፁ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ገበያ ላይ ሠላሳና ስልሳ ይምታታሉ። እኔ ዋጋ ሲነገረኝ መልሼ እጠይቃለሁ፤ «ስድስት አሥር ነው ያልሽኝ?» ካፌ ስትገቡ ጀርባችሁን ለግድግዳ ስጡ። የሚያዋራችሁ ሰው ፊቱ ብርሃን ላይ ይሁን፤ ከንፈሩን ማየት ብዙ ይረዳል። «ጮክ በል» አትበሉት፣ «ቀስ በል» በሉት።

አሁን ወደ ጸጥታው። ድሬ ከቀትር በኋላ ሱቁ ተዘግቶ ከተማው ጋደም ሲል፣ ያኔ ነው ጆሮ የሚነሳው። ቬንትሌተር ክፈቱ። ድምፁ ፊሽካውን እስኪውጠው መሆን የለበትም፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ አብሮት ይሂድ። ሙሉ በሙሉ ከሸፈናችሁት አንጎል ፊሽካውን ችላ ማለት አይማርም። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ቬንትሌተሩም ይቆማል፤ ስለዚህ የዝናብ ድምፅ ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ኔትወርክ አትመኑ።

ጫትንም ልንካው፣ ድሬ ነውና። ጫቱ ጆሮ ያጮሃል እያልኩ አይደለም። ምርቃናው እንቅልፍ ነስቶ ጣራ ሲያሳያችሁ ግን ከፊሽካው በቀር የሚያዋራችሁ የለም። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱም ይብስበታል። ከቃማችሁ በጊዜ አቁሙ።

ይህ ሁሉ ሐኪም ካያችሁ በኋላ ነው። አንዳንዴ ምክንያቱ የተጠራቀመ ኩክ ብቻ ሊሆን ይችላል። በክብሪት እንጨት ግን እንዳትቆረቁሩት። ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ከልብ ምት ጋር የሚመታ ከሆነ ወይም ማዞር ካለው ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። መስማት በድንገት ከጠፋ ደግሞ በዚያው ቀን፤ ሕክምናው የሚጠቅመው ቶሎ ሲጀመር ነው። ለወባ የሚሰጠው ኩዊኒን የተባለ መድኃኒት፣ የጄንታማይሲን መርፌ፣ ብዙ አስፕሪን ጆሮ ሊያጮሁ ይችላሉ። በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ለሐኪሙ ንገሩ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሂዱ።