የአበባ ዘይት በቤት ስናዘጋጅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሐምሌ ውስጥ ነበር። ከግቢዬ የቀጠፍኩትን የካሌንዱላ አበባ ሁለት ቀን ሰፌድ ላይ አስጥቼ፣ ስዳስሰው የደረቀ መሰለኝና አፈ ሰፊ ጠርሙስ ሞልቼ የወይራ ዘይት አፈሰስኩበት። በአሥረኛው ቀን ክዳኑን ስፈታው ጠርሙሱ እንደ ለስላሳ መጠጥ ተነፈሰ። ከዘይቱ በላይ ብቅ ያሉት አበቦች ነጭ ሻጋታ አውጥተዋል፤ ከታች የደፈረሰ ነገር ተኝቷል፤ ሽታው የሊጥ እንጂ የአበባ አልነበረም። የወይራ ዘይት ዋጋ የት እንደደረሰ የሚያውቅ ሰው ምን ያህል እንደቆጨኝ ይገባዋል። ያም ሆኖ አጥልዬ ላድነው አልሞከርኩም፤ ደፋሁት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጠርሙስ በሰላም አውጥቻለሁ። ወዳጆቼ አምጥተው የሚያሳዩኝን የተበላሸ ዘይት ስመለከት ደግሞ ጥፋቱ ከጥቂት ስህተቶች እንደማያልፍ አያለሁ። አብዛኞቹም የሚመነጩት ከአንድ ነገር ነው፤ ከውሃ።

ከላይ ደርቆ ከውስጥ የረጠበ አበባ መዘፍዘፍ

ቅቤ ሲነጠር አጠገቡ የቆመ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቅቤው እሳት ላይ ሲጣድ አረፋ ይደፍቃል፣ ይንጣጣል፤ የሚጮኸው በውስጡ ያለው ውሃ ነው። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ድምፁ ይጠፋል፣ ቅቤው ይጠራል። ንጥር ቅቤ ወራት የሚቆየው ለዚህ ነው። የአበባ ዘይት ግን ያን ያህል እሳት አያይም፤ ስለዚህ ውሃው መውጣት ያለበት አበባው ዘይት ከመንካቱ በፊት ነው። ንጹሕ ዘይት ብቻውን ለሻጋታና ለባክቴሪያ አይመችም። እርጥብ አበባ ሲገባበት ግን መኖሪያ አገኙ ማለት ነው።

ካሌንዱላ በተለይ ታታልላለች። ብርቱካናማዎቹ ቀጫጭን ቅጠሎቿ በሁለት ቀን ይደርቃሉ፤ አበባውን የተሸከመው አረንጓዴ መቀመጫ ግን ወፍራም ስለሆነ ሳምንት ሙሉ ውሃ ይይዛል። መቀመጫውን ቆርጦ መጣል አያስፈልግም፤ ስንቀጥፍ ጣታችን ላይ የሚጣበቀው ሙጫ ያለው እዚያው ነው። ከሰፌዱ መሃል አንዱን አበባ አንሥተው መቀመጫውን በሁለት ጥፍርዎ ይስበሩት። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ከተጣጠፈ ወይም ውስጡ ለጣት ቀዝቀዝ ካለ ይቆይ። በበጋ አንድ ሳምንት ሊበቃው ይችላል፤ በክረምት ሁለት ሳምንትም አንሶት አይቻለሁ።

ማስጫው ጥላ ይሁን፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ቀለሙንና ሽታውን ይወስደዋል። አበባው ሳይደራረብ አንድ ረድፍ ሆኖ ይሰጣ፣ ሰፌዱም ማታ ማታ ወደ ቤት ይግባ፤ የሌሊቱ እርጥበት የቀኑን ድካም መልሶ ያጠፋዋልና። የሚቀጠፈውም ጠዋት ጤዛው ከረገፈ በኋላ ነው። ጠርሙሱ ታጥቦ ግርጌው ላይ ጠብታ ከቀረ አበባውን በከንቱ አደረቅን ማለት ነው፤ ጠርሙሱን ከአንድ ቀን በፊት አጥበው ደፍተው ያሳድሩት። ዘይቱ ከአበባው በላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይበል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አበባው ዘይት መጥጦ ስለሚያብጥ ከላይ መጨመር ያስፈልጋል።

ዘይቱን መጥበስ

ትዕግሥት ያጣ ሰው አበባውንና ዘይቱን መጥበሻ ላይ አድርጎ እሳት ይለቅበታል። የሚያገኘው የተጠበሰ አበባና የወጥ ቤት ሽታ ያለው ዘይት ነው። አበባው ወደ ቡናማ ከተለወጠ የምንፈልገው ነገር አልፏል።

መቸኮል ካለብዎት ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ጨርቅ አንጥፈው ጠርሙሱን በላዩ ያቁሙና ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ባለ ሙቀት ለሦስት ወይም ለአራት ሰዓት ያቆዩት። ውሃው መፍላት የለበትም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ «እኛ ጋ ሲፈላም ያን ያህል አይሞቅም» የሚሉ አሉ፤ 92 ዲግሪ ለአበባ አሁንም ብዙ ነው። እዚህም ውሃ በጓሮ በር ይመለሳል፦ ድስቱ ከተከደነ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ተጠራቅሞ ጠርሙሱ ውስጥ ይንጠባጠባል። ድስቱን አይክደኑ፤ የጠርሙሱን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑ።

እኔ የምመርጠው ቀስ ያለውን መንገድ ነው። ለአንድ እጅ ደረቅ አበባ አምስት እጅ ዘይት በክብደት፤ ለምሳሌ 50 ግራም አበባ በ250 ግራም ዘይት። ጠርሙሱን በወረቀት ከረጢት ሸፍኖ ሞቅ ያለ ቦታ ማስቀመጥ፣ በየቀኑ ወዝወዝ ማድረግ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መጠበቅ።

ከአበባ መሸጫ የመጣች ጽጌረዳ

ይህን ስህተት ከሁሉም በላይ እፈራዋለሁ፤ የሚሠራው በፍቅር ነውና። የሠርግ ወይም የምረቃ እቅፍ አበባ ይመጣል፣ ሲጠወልግ መጣሉ ያሳዝናል፣ «ዘይት ላድርገው» ይባላል። አያድርጉት።

በሰበታ፣ በሆለታና በዝዋይ እርሻዎች የሚመረቱት ጽጌረዳዎች ለመበላትም ለቆዳም ተብለው አልተተከሉም። የውጭ ገበያ በቅጠላቸው ላይ አንዲት ተባይ ወይም የሻጋታ ነጥብ እንዲታይ ስለማይፈልግ በፀረ ተባይና በፀረ ፈንገስ መድኃኒት ተደጋግመው ይረጫሉ። የምግብ ሰብል ግን ከመድኃኒት ርጭት በኋላ ለመሰብሰብ የሚጠበቅለት ጊዜ አለው። ከእነዚህ መድኃኒቶች ብዙዎቹ በዘይት የሚሟሙ ናቸው። አበባውን ዘይት ውስጥ ስድስት ሳምንት ስንዘፈዝፍ ከሽታው ጋር እነርሱንም አብረን እያወጣን፣ ከዚያ ፊታችን ላይ እንቀባቸዋለን ማለት ነው። በአውሮፓ ወይም በዓረብ አገሮች ለሚኖሩ አንባቢዎችም ጉዳዩ ያው ነው፤ እዚያ ከሱቅ የሚገዙት ጽጌረዳ ከእነዚሁ እርሻዎች የሄደ ሊሆን ይችላል። በውሃ ማጠብ አያድነውም።

ሌላም አለ። ለሽያጭ የሚመረጡት ዝርያዎች የተዳቀሉት ለግንዳቸው ርዝመትና ሳይጠወልጉ ለሚቆዩበት ጊዜ ስለሆነ አብዛኞቹ ሽታ የላቸውም። በአሮጌ ግቢዎች አጥር ላይ የምትወጣው፣ ማንም መድኃኒት ያልረጫት፣ አጠገቧ ሲያልፉ የምታውድ ጽጌረዳ ከእቅፍ ሙሉ የእርሻ አበባ ትበልጣለች። ጠምበለል ያለው ሰውም ዕድለኛ ነው፤ እርሱ ግን ሽታው ሲደርቅ ስለሚከዳ ጠውልጎ ሳለ ይዘፈዘፋል፣ በየቀኑ አሮጌው ወጥቶ አዲስ ይገባል፣ ዘይቱም በቶሎ ያልቅ ዘንድ በትንሹ ይዘጋጃል።

አበባን በቀለሙ ብቻ መለየት

ብርቱካናማ ሁሉ ካሌንዱላ አይደለም። በየግቢው የሚተከለው ታጌቴስ በቀለም ይመስላታል። ቅጠሉን ይመልከቱ፦ የካሌንዱላ ቅጠል ያልተከፋፈለ፣ ሲዳስሱት የሚጣበቅ ነው፤ የታጌቴስ ቅጠል እንደ ላባ የተሰነጣጠቀና ሲያሹት ኃይለኛ ሽታ ያለው ነው። ዘራቸውም አያሳስትም፤ የካሌንዱላ እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ የታጌቴስ እንደ መርፌ ቀጥ ያለ።

ይህ መሳሳት ቢያሳዝንም አይገድልም። የሚያስፈራው ሌላ ነው። በየመንገዱ ዳር ሮዝና ነጭ ሆኖ የሚያብበው ኦሊያንደር ሁለመናው የልብ መርዝ ነው። እንደ መለከት የተንጠለጠለው ትልቁ ነጭ አበባም ሆነ ዘመዱ አጤ ፋሪስ አእምሮን የሚያናውጥ መርዝ አላቸው። ስሙን እርግጠኛ ሆነው የማያውቁትን አበባ አይዘፍዝፉ።

ዘይቱን ባገኙት መተካት

ኑግ የአገራችን ኩራት ነው፤ ለወጥ እወደዋለሁ። ለዚህ ሥራ ግን ቶሎ ይበላሻል፤ ከስቡ 70 በመቶ ገደማ የሚሆነው ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው፣ ከአየር ጋር በቀላሉ የሚዋሐደው ዓይነት ነው። የሱፍ ዘይትም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያው ነው። የወይራ ዘይት ይቆያል። የሰሊጥ ዘይት ደግሞ በተፈጥሮው ከመበላሸት የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች ስላሉት እኔ አዘውትሬ የምጠቀመው እርሱን ነው፤ ያልተቆላ ሰሊጥ ይሁን እንጂ፤ የተቆላው የአበባውን ሽታ ይውጠዋል። የኮኮናት ዘይት ከ24 ዲግሪ በታች ስለሚረጋ በደጋ አገር ለቀስታው ዘዴ አይሆንም።

አንዳንዶች ቫይታሚን ኢ ጠብ አድርገው ከሻጋታ የዳኑ ይመስላቸዋል። ቫይታሚን ኢ የሚያዘገየው የዘይቱን መክረፋት ብቻ ነው፤ ሻጋታንም ባክቴሪያንም አይገድልም።

ለፀጉር የተሠራውን ማዕድ ላይ ማቅረብ

በእኛ ቤት የስጋ መጥበሻ ቅጠል፣ ቅርንፉድና ነጭ ሽንኩርት አንድ ጠርሙስ የፀጉር ዘይት ውስጥ መክተት የተለመደ ነው። (ቅርንፉድ ሳይፈነዳ ተለቅሞ የደረቀ የአበባ እምቡጥ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?) እርጥብ ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ሰጥሞ ከማቀዝቀዣ ውጭ ሲቆይ ግን ቦቱሊዝም የተባለውን በሽታ የሚያመጣ መርዝ የሚያመርተው ባክቴሪያ አየር የሌለበት ምቹ ቤት ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳ ቫንኩቨር 36 ሰዎች የታመሙት በዘይት ከተቀመጠ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ነበር። መርዙ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል። ለመብላት ከሆነ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ያዘጋጁ።

አጠላለልና አቀማመጥ

በንጹሕ ደረቅ ነጠላ ያጥልሉ። መጨረሻ ላይ በኃይል ተጨምቆ የሚወጣውን ለየብቻ ያስቀምጡና አስቀድመው ይጠቀሙበት፤ ቀሪ እርጥበት ካለ የሚወጣው ከእርሱ ጋር ነው። የተጠለለው አንድ ቀን ይረፍ፤ ከላይ የጠራውን ቀድተው አተላውን ይተዉት። ጠቆር ያለ ብልቃጥ፣ ከምድጃና ከመስኮት የራቀ መደርደሪያ፣ ብልቃጡ ላይ የተጻፈ ቀን። ስድስት ወር ጥሩ ዕድሜ ነው። የድሮ ቀለም ወይም የከረመ ለውዝ መሽተት ከጀመረ ይደፋ፤ በአዲስ ዘይት ማቅጠን አዲሱንም ያጠፋል።

አቀባቡ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ከገበያ በትንሽ ጠብታ ከሚሸጠው ተጣርቶ የወጣ የጽጌረዳ ዘይት ጋር የእኛን አያምታቱ። የዚያ አንድ ኪሎ ከ3 ሺሕ ኪሎ በላይ የአበባ ቅጠል ይጠይቃል፤ ሳይቀጥን ቆዳ ላይ አይደረግም። የእኛ ለስላሳ ስለሆነ እንዳለ ይቀባል፤ ቢሆንም መጀመሪያ በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ጥቂት ቀብተው 24 ሰዓት ይጠብቁ። ካሌንዱላና ካሞሚል ከአደይ አበባ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ የዚህ ቤተሰብ አበቦች ቆዳቸውን የሚያሳክካቸው ሰዎች አሉ።

ጤና አዳምን ቆዳ ላይ ለሚቀባ ዘይት አይጠቀሙ። ቡና ውስጥ የምንወደው ይህ ተክል ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያርፍበት ያቃጥላል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውሃ የቋጠረ እብጠት ይወጣል፣ ጠባሳው ለወራት ጠቁሮ ይቆያል።

ፎረፎር ያለበትን የራስ ቆዳ «ደርቆ ነው» ብሎ በዘይት ማጥገብም ልማድ ሆኗል። ብዙውን ጊዜ ፎረፎርን የሚያባብሰው ፈንገስ የሚመገበው ከዘይት በሚገኙ የስብ አሲዶች ነው፤ ዘይት በጨመርን ቁጥር እርሱን እንቀልባለን። ፀጉሩ ከታጠበ በኋላ ዘይቱ ገና ርጥበት ባለው የፀጉር ዘለላ ላይ፣ በተለይ ጫፉ ላይ ይቀባ።

ትኩስ ቃጠሎ ላይ ዘይትም ቅቤም አይደረግም፤ ሙቀቱን አፍኖ ያስቀረዋል። ለ20 ደቂቃ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ። ካሌንዱላ የምትጠቅመው ቁስሉ ሽሮ ቆዳው ሲደርቅና ሲያሳክክ ነው።

ጉንፋን የያዘው ሕፃን አፍንጫ ውስጥ ዘይት ማንጠባጠብ ደግሞ ፈጽሞ መቅረት አለበት። ዘይቱ ወደ ሳንባው ወርዶ በቀላሉ የማይወጣ የሳንባ ምች ሊያስከትልበት ይችላል። አፍንጫው የተደፈነ ሕፃን የሚያስፈልገው ከፋርማሲ የሚገኝ የጨው ውሃ ጠብታ ነው፤ ጡት መጥባት ካቃተው ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይወሰድ።