«ዓሣው ተቀቀለ እንዴ?» ማይክሮፓይተን ላይ ታይፕ ሂንት ስንጽፍ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ጣና ዳር ዓሣ የሚሸጡ እትዬ ናቸው።

«ልጄ፣ ያ ያስገባህልኝ ዕቃ መልእክት ላከብኝ። ፍሪጁ 85 ዲግሪ ነው ይላል። ዓሣው ተቀቀለ እንዴ?»

አልተቀቀለም። መብራት ጠፍቶ መጥቶ ነበር። ኮዱን ከፍቼ ሳየው ታይፑ ልክ ነው። የሙቀት ፈንክሽኑ ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) ይመልሳል ተብሎ ተጽፏል፤ 85.0 ደግሞ ፍሎት ነው። ላፕቶፔ ላይ ያለው ታይፕ የሚፈትሸው ቼከር አንድ ቀይ መስመር አላሰመረም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከጥቂት ልጆች ጋር እንዲህ ያሉ ትንንሽ ዕቃዎች እንሠራለን። አብዛኞቹ የፖሊ ተማሪዎች ናቸው። ከመደበኛው ፓይተን ወደ ማይክሮፓይተን (ለትንንሽ ቦርዶች ወደተሠራው ፓይተን) ሲመጡ ታይፕ ሂንት የመጻፍ ልማዳቸውን ይዘው ነው የሚመጡት፤ ጥሩ ልማድ ነው። ግን ኢኤስፒ32 ወይም ፒኮ የሚባለው ትንሽ ቦርድ ላፕቶፕ አይደለም። ደጋግመን የወደቅንባቸውን ላስቀምጥ።

ቦርዱ ያነበዋል ብሎ ማሰብ

ታይፕ ሂንት የምለው ከስሙ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ አድርገን «ይህ ኢንት ነው»፣ «ይህ ስትሪንግ ነው» ብለን የምንጽፈውን ነው። ማይክሮፓይተን ይህን አይቶ ያልፈዋል። አጻጻፉ ትክክል ከሆነ ይቀበለዋል፤ ኮዱን ወደ ባይትኮድ (ቦርዱ ወደሚፈጽመው መልክ) ሲቀይር ይጥለዋል።

ሞክሩት። ግብዓቷ ኢንት የሆነች ፈንክሽን ጻፉ። ከዚያ «አምባዛ» የሚል ስትሪንግ ስጧት። ቦርዱ ዝም ብሎ ይቀበላል። የሚጮኸው ውስጥ ገብቶ ቁጥር ልደምር ሲል ነው።

መደበኛው ፓይተንም ቢሆን ታይፑን አይፈትሽም። ሆኖም እስከ 3.13 ድረስ ያሉት ሥሪቶች ቢያንስ የተጻፈው ስም መኖሩን ያያሉ። የፈንክሽኑ ሂንት ላይ «ፍሎት» ለማለት አንድ ፊደል ብትስቱ ፈንክሽኑ ሲፈጠር «እንዲህ የሚባል ስም የለም» ብለው ይቆማሉ። ማይክሮፓይተን ይህንንም አይልም። ስለዚህ «ቦርዱ ላይ ሠርቷል እኮ» የሚል መልስ ስለ ታይፑ ምንም አይነግረንም። ፍተሻው የሚያልቀው ላፕቶፕ ላይ ነው፣ በፓይራይት ወይም በማይፓይ። ኮዱ ፍሪጁ ጋ ከደረሰ በኋላ የሚያየው የለም።

«ታይፒንግ»ን ኢምፖርት ማድረግ

ኮዱ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ቦርዱ ላይ ሲጫን የመጀመሪያው መስመር ላይ ይወድቃል፦ ታይፒንግ የሚባል ሞጁል የለም። ከዚያ በኋላ ልኬት የለም፣ መልእክት የለም። ፍሪጁ ራሱን ችሎ ይቀዘቅዛል እንጂ የሚያየው ዕቃ የለም። በዚህ ምክንያት ባጃጅ ኮንትራት ይዤ የሄድኩበት ቀን አለ።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። ማይክሮፓይተንን ዴሚየን ጆርጅ እ.ኤ.አ. በ2013 በኪክስታርተር ገንዘብ አሰባስቦ ሲነሣ መሠረት ያደረገው ፓይተን 3.4ን ነው። በኋላ ከመጡት ሥሪቶች እየመረጠ ጨምሯል። ታይፒንግ የመጣው ከ3.5 ጋር በ2015 ነው። ትንሽ ቦርድ ላይ ደግሞ ሥራ የሌለው ሞጁል ቦታ ብቻ ነው የሚይዘው።

የተለመደው መውጫ ኢምፖርቱን በትራይ ውስጥ አስገብቶ ኢምፖርት ኤረር ሲመጣ ማለፍ ነው። የሰርኪትፓይተን (ከማይክሮፓይተን የወጣ ቅርንጫፍ ነው) ላይብረሪዎች እንዲህ ያደርጋሉ። እኔ ግን ከዚህ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ታይፒንግ ለምን አስፈለገ? ለሊስት ከሆነ በትንሽ ፊደል የሚጻፈው «ሊስት» ራሱ ከነቅንፉ ይበቃል። «ወይም ባዶ» ለማለት ከሆነ ቀጥ ያለችው መስመር (|) አለች። ሂንት ውስጥ እስከሆኑ ድረስ ቦርዱ ስለማያሰላቸው አንዳች ኢምፖርት አያስፈልግም።

አንዱ ልጅ ብልጥ መስሎት «ታይፕ ቼኪንግ» የሚለውን ባንዲራ አስገብቶ ኢምፖርቱን በኢፍ ከለለው። ባንዲራው ራሱ የሚመጣው ከታይፒንግ ነው። ሳቅን።

የታይፑን አጭር ስም ከሂንት ውጭ መጻፍ

ይህ ከላይ ያለውን በደንብ የያዘ ሰው የሚወድቅበት ነው። ፈንክሽኑ ላይ «ሊስት ኦፍ ኢንት» ብሎ ጻፈ፣ ሠራ። ከዚያ አምስት ቦታ መድገም ሰለቸውና ከላይ በእኩል ይሆናል ምልክት «ልኬቶች ማለት ሊስት ኦፍ ኢንት ነው» የሚል አጭር ስም ፈጠረ። ቦርዱ ታይፕ ኤረር ብሎ ቆመ።

እኩል ይሆናል ያለበት መስመር ሂንት አይደለም፤ የሚሠራ ኮድ ነው። ማይክሮፓይተን ይፈጽመዋል። የሱ ሊስት ደግሞ ክላሱ ላይ ቅንፍ ሲደረግበት አያውቅም። መፍትሔው አጭር ስሙን እዚያው ትራይ ውስጥ ከታይፒንግ ኢምፖርት ሥር ማድረግ ነው። ቦርዱ ላይ ኢምፖርቱ ሲወድቅ ቀጣዩ መስመር ሳይነካ ይታለፋል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ግን የሚመጣው ኢምፖርት ኤረር ሳይሆን ታይፕ ኤረር ነውና አይያዝም። በፓይተን 3.12 የመጣው «ታይፕ» ብሎ የሚጀምረው አዲሱ አጻጻፍ ከነጭራሹ የሰዋስው ስህተት ነው።

ያለ ስተብ መሥራት፣ «ነን»ን መርሳት

ሁለቱን አንድ ላይ የማነሣው አንድ ላይ ስለመጡብን ነው። ስተብ የምለው የቦርዱ ሞጁሎች ምን ተቀብለው ምን እንደሚመልሱ ለቼከሩ የሚነግር ፋይል ነው።

መልእክቱን የሚልከው የጂኤስኤም ሞጁል ከቦርዱ ጋር የሚያወራው በዩአርት (ባይት በባይት በሚላክበት ሽቦ) ነው። ትእዛዝ እንልካለን፣ «ኦኬ» እስኪል እንጠብቃለን፣ ካላለ እንደገና እስከ ሦስት ጊዜ እንልካለን። መልሱን የሚያነበው ፈንክሽን ላይ «ስትሪንግ ይመልሳል» ብለን ጽፈናል። ቼከሩም ዝም።

ዝም ያለው ስለማያውቅ ነው። «ማሺን» የሚባለው ሞጁል ላፕቶፕ ላይ የለም። መጀመሪያ «አላውቀውም» ብሎ ቀይ አሰመረ፤ እኛ ደግሞ መስመሩ ሲያስጠላን «ችላ በል» ብለን አዘጋነው። ካዘጋነው በኋላ ከማሺን የሚመጣ ነገር ምንም ዓይነት ታይፕ ቢሆን ለእሱ ልክ ነው።

በዚህ መሃል እትዬ ስለ አንዲት የመብራት መጥፋት ሦስት አንድ ዓይነት መልእክት እየደረሳቸው ነው። «አንዴ ነግሮኝ ሰምቻለሁ፣ ለምን ይደጋግማል?» አሉኝ። የሚቃጠለው ደግሞ የእኔ ካርድ ነው።

ለኢኤስፒ32 የተዘጋጀውን የማይክሮፓይተን ስተብ በፒፕ ጫንን። ላፕቶፑ ላይ ብቻ ነው የሚጫነው፤ ሥሪቱ ቦርዱ ላይ ካለው ፈርምዌር ጋር ይመሳሰል። ወዲያው ቀዩ መስመር ወጣ። ዩአርት ሲነበብ የሚመልሰው ስትሪንግ አይደለም፤ ባይትስ ነው፣ ጊዜው ካለቀ ደግሞ ነን ነው። ባይትስ የሆነው «ኦኬ» ስትሪንግ ከሆነው «ኦኬ» ጋር ሲወዳደር መልሱ ሁልጊዜ ፎልስ ነው። ኤረር የለም። ሞጁሉ እሺ ብሎ እየላከ እኛ አልሰማነውም፤ እንደገና ላክ እንለዋለን።

«ነን» በአማርኛ ሲነበብ መኖርን ያስመስላል፣ እዚህ ግን ምንም የለም ማለት ነው። ሂንቱን «ባይትስ ወይም ነን» ብለን አስተካከልን። ፈንክሽኑ ውስጥ መጀመሪያ ነን መሆኑን እናያለን፣ ካልሆነ ዲኮድ አድርገን እናወዳድራለን። ሦስቱ መልእክት አንድ ሆነ።

ስለዚህ ሂንት ስትጽፉ የምትመኙትን ሳይሆን ሃርድዌሩ የሚመልሰውን ጻፉ። ሽቦ ሊላቀቅ ይችላል፣ ሞጁሉ ሊተኛ ይችላል። ከውጭ የሚነበብ ነገር ላይ ነን ካላያችሁ ተጠራጠሩ።

ታይፑ መለኪያውን ያውቃል ብሎ መተማመን

ወደ 85 ዲግሪው እንመለስ።

ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው ቴርሞሜትር ኃይል ሲያገኝ መጀመሪያ ውስጡ የሚቀመጠው ቁጥር 85 ነው። «ለካ» ተብሎ ሲታዘዝ በሙሉ ጥራቱ እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። እኛ መብራት መጥቶ ቦርዱ ሲነሣ ሳንጠብቅ አነበብን። እሱም ያለውን ሰጠን። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ለእትዬ የነገርናቸው እንግዲህ ዓሣቸው ሊፈላ ትንሽ እንደቀረው ነው።

ፍሎት የሚለው ቃል ይህን ሁሉ አያውቅም። አሁን ከትእዛዙ በኋላ 750 ሚሊሰከንድ እንጠብቃለን፣ ልክ 85.0 ከመጣ ደግሞ ጥለን እንደገና እንለካለን።

ኢንት የባሰ ነው። የፍሪጁን ሞተር የሚከታተል የከረንት ሴንሰር አለን። ኢኤስፒ32 ላይ ኤዲሲውን (ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይረውን) በአሮጌው «ሪድ» ስናነብ ከ0 እስከ 4095 ይመጣል። ቦርዱን ወደ ፒኮ ስንቀይር ያለው «ሪድ ዩ16» ብቻ ነው፤ እሱ ከ0 እስከ 65535 ይሰጣል። ሁለቱም ኢንት ናቸው። የማስጠንቀቂያው ወሰን ግን 3000 ላይ እንደተጻፈ ቀረ። ቼከሩ ደስ ብሎት አለፈ፣ ማንቂያው ቀኑን ሙሉ ጮኸ።

ሁለት ኢንቶችን እንደ ሁለት የተለያዩ ታይፖች የሚለይ «ኒውታይፕ» የሚባል ነገር አለ። የሚመጣው ከታይፒንግ ስለሆነ ወደ ቀደመው ጣጣ ይመልሳል። እኔ በስሙ ላይ እጽፋለሁ፦ ከቫሪያብሉ ስም መጨረሻ ሚሊሰከንድ ከሆነ ኤምኤስ፣ ሚሊቮልት ከሆነ ኤምቪ፣ ጥሬ ቁጥር ከሆነ ዩ16። አያምርም። ግን ቦርዱ ሥር ቆሞ በስልክ ብርሃን ኮድ ለሚያነብ ሰው ይጠቅማል።

ቫይፐር ውስጥም ሂንት ማስታወሻ ብቻ ነው ማለት

እስካሁን ቦርዱ ሂንትን ይጥለዋል ስል ቆየሁ። አንድ ቦታ ላይ አይጥለውም። ከፈንክሽኑ በላይ ቫይፐር የሚለውን ዲኮሬተር ካደረጋችሁ ሂንቱ ትእዛዝ ይሆናል። ኮምፓይለሩ አንብቦት የማሽን ኮድ ያወጣበታል። ፍጥነት የሚመጣውም ከዚያ ነው።

የተለመደው የማይክሮፓይተን ኢንት እንዳስፈላጊነቱ ያድጋል። የቫይፐር ኢንት ግን እነዚህ ቦርዶች ላይ 32 ቢት ነው፣ ከፍተኛው 2,147,483,647። የሞተሩን ከረንት ለማስላት ንባቡን በራሱ እናባዛለን። 50,000 በ50,000 ሲባዛ 2,500,000,000 ነው። ቫይፐር ውስጥ የወጣው 1,794,967,296 ሲቀነስ ነው፣ ከዜሮ በታች። ኤረር የለም። ፈንክሽኑን ሳንነካ ዲኮሬተሩን ብቻ ስናነሳው መልሱ ተስተካከለ፤ አንድ ከሰዓት ግራ የገባንም ለዚህ ነው። በመጨረሻ ንባቡን ከማባዛታችን በፊት መካከለኛውን ቀንሰን፣ ቢቶቹንም ወደ 12 አወረድን።

ፒቲአር8 የሚለው ሂንት ደግሞ የባሰ ስለት ነው። ባይት አሬይ ተቀብሎ ሜሞሪውን በቀጥታ ይነካል፣ ወሰኑን ግን አይጠብቅም። 64 ባይት ባለው ላይ 70ኛውን ብትጽፉ የሌላ ነገር ሜሞሪ ላይ ይጽፋል። ቦርዱ ያኔ ላይወድቅ ይችላል። ከሁለት ሰዓት በኋላ በማይመለከተው መስመር ላይ ይወድቃል። እኔ ቫይፐርን የማስገባው ለክቼ ዘገምተኛ መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ፣ አንድ ፈንክሽን ላይ ብቻ ነው።

ሜሞሪ ይበላል ብሎ መሰረዝ

ፒኮ ያለው ራም 264 ኪሎባይት ነው። ሰው መቆጠቡ አይገርምም። አንዱ ልጅ በቀደም ሂንቶቹን በሙሉ ሰርዞ መጣ። «ጋሼ፣ ሜሞሪ አተረፍኩ» አለኝ። (ጋሼ መባሌን ገና አልለመድኩትም።)

ሂንቱ ፋይሉን ያረዝመዋል፤ ቦርዱ ራሱ ጥሬውን ኮድ ሲያነብም ለጊዜው ትንሽ ራም ይይዛል። ከዚያ በኋላ ባይትኮዱ ውስጥ አይቀርም። እንዲያውም አለመቅረቱ ሌላ ጣጣ አለው፦ ዴታክላስን የመሳሰሉ፣ ኮዱ እየሠራ ሂንቶቹን መልሰው የሚያነቡ ነገሮች እዚህ አይሠሩም፣ የሚያነቡት ስለሌለ።

አሮጌውንም አዲሱንም ፋይል ላፕቶፕ ላይ በኤምፒዋይ ክሮስ ወደ ባይትኮድ ኮምፓይል አደረግናቸው። ባይታቸውን አየን። እኩል ናቸው። ልጁ ሁለቴ ቆጠረ፣ ከዚያ የሰረዘውን ከጊት መለሰ።